የአንጎል መስመሮች እንዴት ይዘረጋሉ? ሲዛቡስ ምን ይከተላል?

እስከ ትናንት ጎበዝና ተጫዋች የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ይርቃል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ «ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው» ይላል። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ሁኔታ፣ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ ነው። በሕፃንነት ወይም በእርጅና ሳይሆን በዚህ ዕድሜ የሚጀምረው ለምንድን ነው? ተመራማሪዎች መልሱን ከሚፈልጉባቸው ስፍራዎች አንዱ አንጎል መስመሮቹን የሚዘረጋበት ሂደት ነው።

አብዝቶ መዝራት፣ ኋላም ማሳሳት

የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሕዋሳቱ መልእክት የሚቀባበሉበት መጋጠሚያ ሲናፕስ ይባላል። የሕፃናት የነርቭ ሐኪም የነበሩት ፒተር ሁተንሎከር በልዩ ልዩ ዕድሜ ከሞቱ ሰዎች አንጎል የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1979 ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። በፊተኛው የአንጎል ክፍል የሲናፕሶች ክምችት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ሕፃን ላይ ከአዋቂው በ50 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ከዚያም እስከ ጉርምስና ድረስ እየቀነሰ ሄደ። አንጎል የሚበስለው በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመቀነስም ነው ማለት ነው።

ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ዘሩን አብዝቶ ይበትንና ቡቃያው ከፍ ሲል በሽልሻሎ ያሳሳዋል። አንጎልም የሚያደርገው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው። ልዩነቱ ማረሻው የሚነቅለውን አይመርጥም፤ አንጎል ግን በአመዛኙ የሚያስቀረው በሥራ ላይ የዋሉትን መጋጠሚያዎች ሲሆን፣ የሚያስወግደው ሥራ የፈቱትን ነው።

የቀሩት መስመሮች ደግሞ ማየሊን በተባለ ስብ የበዛበት ልባስ ይሸፈናሉ። ልባሱ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ይከላከላል፤ የሽፋኑንም ካፓሲታንስ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ልባስ በሌለው ቀጭን መስመር በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ የሚጓዘው መልእክት፣ ወፍራም ልባስ ባለው መስመር እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለስሜት ሕዋሳትና ለእንቅስቃሴ የሚያገለግሉት መስመሮች ቀድመው ይለበሳሉ። ዕቅድና ራስን መግዛት የሚመሩበት የፊተኛው ክፍል ግን ሥራውን የሚጨርሰው ዘግይቶ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ሽልሻሎው ሲዛባ

ኧርዊን ፋይንበርግ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንድ መላምት አቀረቡ፦ በጉርምስና ወቅት የሚካሄደው ማሳሳት ከልኩ ቢዘልልስ? ለብዙ ዓመታት መላምቱን የሚያግዝ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲ-4 የተባለው የበሽታ መከላከያ ዘረ መል አንዳንድ ዓይነቶች ለስኪዞፍሬንያ የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምሩ አሳዩ። ይኸው ዘረ መል በአይጦች አንጎል ውስጥ ሲናፕሶችን በማስወገድ ሥራ እንደሚሳተፍም ተረጋገጠ። በኦቲዝም ረገድ ደግሞ ማሳሳቱ ከሚገባው ያነሰ መሆኑን የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ።

ይህን ግን አጋንኖ መረዳት አይገባም። የሲ-4 ተጽዕኖ አነስተኛ ነው፤ ዘረ መሉን ከያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ፈጽሞ አይታመሙም። ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ የዘረ መል ልዩነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ የአካባቢና የኑሮ ሁኔታም ድርሻ አለው።

መለኪያውን መመርመር

በሕይወት ያለን ሰው አንጎል ሳይከፍቱ መስመሮቹን እንዴት ማየት ይቻላል? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 የመረመሩት የቅንጣቶች የዘፈቀደ እንቅስቃሴ በአንጎል ውስጥ ባለው ውኃም ይታያል። የውኃ ሞለኪውሎች በነርቭ መስመር ርዝመት ሲጓዙ ይቀናቸዋል፤ አግድም ሲሆን ይታገዳሉ። ኤም. አር. አይ. ይህን ልዩነት ለክቶ የመስመሮቹን አቅጣጫ ያሳያል። ሌላው ዘዴ ደግሞ የትኞቹ የአንጎል ክፍሎች አብረው እንደሚሠሩ ይለካል።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ጥናቶች በዚህ ሁለተኛ ዘዴ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይዘው መጡ። የጭንቅላት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ እንኳ የቅርብ ግንኙነቶችን ጠንካራ፣ የሩቆቹን ደካማ አስመስሎ ያሳያል። ሕፃናትና ሕሙማን ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ ከሌሎች ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ «የአንጎል ዕድገት» ወይም «የሕመም ምልክት» ከተባለው ውጤት ከፊሉ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ! ስሌቱ ሲታረም ውጤቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ቀነሰ። ከዚህ የምንማረው፣ የምንለካውን ነገር ብቻ ሳይሆን መለኪያችንንም መጠርጠር እንዳለብን ነው። ዛሬም ቢሆን ስኪዞፍሬንያ በአንጎል ምስል ብቻ አይመረመርም፤ ሐኪሙ የሚመረኮዘው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን አነጋግሮ በሚያገኘው መረጃ ላይ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢያን የሆናችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ብትይዙ ይበቃል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ወጣት ሰነፍ አይደለም፤ የተረገመም አይደለም። ታምሟል፤ ሕመሙም ሕክምና አለው፤ ሕክምናውም ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል። ቤተሰቡ ፀበል የሚወስደው ቢሆን እንኳ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሊያቋርጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ጓደኛ በመኝታ ክፍላችሁ ወይም በክፍላችሁ ቢኖር አትሽሹት፤ ወደ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።