በመረጃ ቋት በር ላይ የሚፈጠረው ወረፋ

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ መረጃ ቋት ልንጽፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በምዝገባ ቀን ማሽኑ «ግንኙነት በዝቷል» ሲል የሕጉም፣ የሳይንሱም፣ የአርትሱም ተማሪ እኩል ሳይመዘገብ ስለሚቀር፣ ምክንያቱን ማወቅ የሁላችን ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

የመረጃ ቋት ማለት ስማችንን፣ ውጤታችንንና የመረጥነውን ትምህርት መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። የምዝገባው ድረ ገጽ ከዚህ ቋት አንዳች ነገር ለመጠየቅ አስቀድሞ ግንኙነት መክፈት አለበት። የግንኙነቱ ቁጥር ግን ወሰን አለው። ፖስትግሬስ በተባለው ቋት፣ ማንም ካልለወጠው በቀር፣ ወሰኑ 100 ነው፤ ከዚህም 3ቱ ለአስተዳዳሪው ስለሚጠበቁ ለሌላው የሚተርፈው 97 ነው። በማይኤስኪውኤል ደግሞ 151 ሲሆን ለአስተዳዳሪው 1 ይጨመራል።

ታዲያ ቁጥሩን 5000 አድርጎ መገላገል አይቻልምን? አይበጅም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያስነሣል፤ እያንዳንዱም ሜሞሪ ይወስዳል። ማሽኑ በአንድ ቅጽበት በእርግጥ የሚያሠራው ጥቂቶቹን ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩት ሲሻሙ የሁሉም ሥራ ይዘገያል። ሜሞሪው ያለቀ እንደሆነም ቋቱ ጭራሹን ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ ወሰኑ ጠባቂ እንጂ ጠላት አይደለም።

ዋናው ሕመም ሌላ ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ደብተሩን ወንበር ላይ አኑሮ ሻይ ሊጠጣ የሚወጣውን ተማሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንበሩ ባዶ ነው፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ተከፍቶ ያልተዘጋ ግንኙነትም እንደዚሁ ነው። ማይኤስኪውኤል፣ ካልታዘዘ በቀር፣ ሥራ ፈት ግንኙነትን እስከ 28,800 ሴኮንድ፣ ማለት 8 ሰዓት ሙሉ፣ ይታገሠዋል!

መድኀኒቱ የሚከተለው ነው፤

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ፣ ስሕተት ቢያጋጥመውም እንኳ፣ ግንኙነቱን ይመልስ።

ሁለተኛ፣ ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ ለብዙዎች በተራ የሚያውስ አማካይ ይቁም። ለፖስትግሬስ ይህን የሚሠራው ፒጂባውንሰር የተባለው ፕሮግራም ነው፤ አንዱ የሥራ ክፍል እንዳለቀ ግንኙነቱን ተቀብሎ ለቀጣዩ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። በ20 ግንኙነት መቶዎች ይስተናገዳሉ።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ አስቀድሞ ይሠራ። ድረ ገጹ በ6 ቅጂ ቢሠራና እያንዳንዱ ቅጂ 20 ግንኙነት ቢይዝ ድምሩ 120 ነው፤ በሩ ግን 97 ብቻ ያስገባል።

አራተኛ፣ ሥራ ፈቶች ጊዜ ይወሰንባቸው። ፖስትግሬስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ጀምሮ የተወውን፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ግንኙነት በተወሰነ ጊዜ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል።

ወሰኑን ከፍ ማድረግ ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ነገ ፕሮግራም የምትጽፉ ጓደኞቻችን ሆይ! የመክፈቻውን መሥመር ስትጽፉ የመዝጊያውንም አብራችሁ ጻፉ። እናንተ ሳትዘጉ የተዋችሁት ግንኙነት የሌላው ተማሪ ተራ ነውና።