ካርድ ላይ ያልሰፈረው

ሐረር ላይ ከሐኪም ጋራ ተራራ ቁልቁል ከሚመጡት የደም ግፊት ታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዳገቱ ዕድሜ አይጠይቅም። ካርዳቸው ላይ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጽፏል። ስለ ጉልበቱ የተጻፈ ነገር የለም። አንዲት እናትን ጠየቅኋቸው፦

«አዴ፣ ከእነዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለጉልበትዎስ?»

«እሱማ ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒት አይደለም» ብለው ከመቀነታቸው ቋጠሮ ግማሹ ያለቀ ዲክሎፌናክ ፈተው አወጡ። ጎረቤት ናት የሰጠቻቸው።

ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባል፤ ኤናላፕሪል የሚያስወጣውን ያላላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውሃና ጨው ከሰውነት ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ይወርድና ኩላሊት ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ በተለይ ተቅማጥ ወይም የሰውነት ውሃ ማነስ ሲጨመርበት። ከዚህም ሌላ ዲክሎፌናክ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሐኪሙ የማያውቀው ማስታገሻ ከፍ ያደረገውን ግፊት ለማውረድ አራተኛ መድኃኒት ይታዘዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ መነሻው ሳይነካ ክኒኑ ብቻ ይበዛል።

ስለዚህ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለራስ ምታት፣ ለጨጓራ፣ ለእንቅልፍ፣ ለጉልበት እያሉ አንድ በአንድ ማንሳት ያስፈልጋል።

ሐረር ላይ ደግሞ ጫትን ሳያነሱ የመድኃኒት ታሪክ ወሰድኩ ማለት አይቻልም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጠዋት ደህና የተለካው ሰው ከበርጫ በኋላ ቢለካ ሌላ ቁጥር ይወጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የየመን ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ከጫት ጋር የተወሰደ አምፒሲሊን በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይቀንሳል። አጥኚዎቹ የመከሩት ጫቱ ካበቃ 2 ሰዓት ቆይቶ እንዲወሰድ ነው። ይህን ለታካሚ ለመናገር ግን አስቀድሞ ሳይኮንኑ መጠየቅ ይገባል። የተሸማቀቀ ሰው አይናገርም።

አብሽና ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ተለይተው መጠየቅ አለባቸው። በምግብ ውስጥ ሲገቡ ስጋት የለኝም። በየጠዋቱ በብርጭቆ የሚጠጣ አብሽ ግን ስኳር ያወርዳል፤ ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው የስኳር ክኒን ጋር ሲገናኝ፣ በተለይ በረመዳን ጾም፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ቤተሰቡ የጾም ድካም ነው ብሎ ያስተኛዋል። እንዲህ ያለው ሰው ወዲያው ስኳር ይቅመስ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው፣ ካርዱ ላይ ሳይታዘዝ ለሚወሰደው ነገር አንድ መስመር እንተው። እናንተ ደግሞ ስትመጡ ክኒኑንም ዱቄቱንም ጠርሙሱንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ይህን አንብባችሁ ግን ሐኪም ያዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የጎረቤቱን ማስታገሻ ነው አሁኑኑ ማቆም።