የሲሬ በቆሎ ምን አለው? ምንስ ይጎድለዋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ሲኬድ፣ ባኮ ከታለፈ በኋላ የሚደረስበት ሲሬ የበቆሎ አገር ነው። ቂጣው፣ ገንፎው፣ ንፍሮው ከበቆሎ ይሠራል። ግሉታሚን ስለሚባለው አሚኖ አሲድ ለማውራት ከዚህ እህል መነሣት ይሻላል፤ የበቆሎ ዋና ፕሮቲን የሆነው ዜይን ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ግሉታሚን ነውና።

በደማችን ውስጥ በነጻ ከሚዘዋወሩት አሚኖ አሲዶች በብዛት ግሉታሚንን የሚያህል የለም። አብዛኛውን የሚሠራው ጡንቻ ነው፤ ግሉታሜት የሚባለውን አሚኖ አሲድ ከአሞኒያ ጋር ያጣምራል። አሞኒያ በደም ውስጥ ሲከማች አንጎልን ይጎዳል፤ በግሉታሚን ተይዞ ሲጓዝ ግን ጉዳት የለውም። ኩላሊት ከደረሰ በኋላ አሞኒያው ይለቀቅና ትርፉን አሲድ ይዞ በሽንት ይወጣል። በየጥቂት ቀኑ የሚታደሱት የትንሹ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ማገዷቸው ግሉታሚን ነው። በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም በሚባዙበት ጊዜ አብዝተው ይፈልጉታል። በከባድ ቃጠሎ የተጎዳ ሰው ጡንቻው የሚሟሽሸው በከፊል ይህን ፍላጎት ለማሟላት ነው።

ታዲያ የግሉታሚን ዱቄት ገዝቶ መጠጣት ይበጃል? ለጤነኛ ሰው አስፈላጊ አይደለም፤ ሰውነቱ ራሱ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናትማ የበርካታ አካላት ሥራ መጓደል ለገጠማቸው ጽኑ ሕሙማን ግሉታሚን ሲሰጥ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

የሲሬን ልጅ በተመለከተ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰውነት ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉትን አሚኖ አሲዶች መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ካልመጡ የሉም። ዜይን ደግሞ በግሉታሚን የበለጸገውን ያህል በእነዚህ በሁለቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጅ በገንፎ ብቻ ጠግቦ እያደረ እድገቱ ሊቀጭጭ ይችላል።

መፍትሔው በከፊል ከጎረቤት መጥቷል። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ላይሲንና ትሪፕቶፋን ከተራው በቆሎ እጥፍ ያህል የያዙ ዝርያዎችን አውጥቷል። የዚህ ዓይነቱን በቆሎ መሠረት በሜክሲኮ የጣሉት ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ እ.ኤ.አ. የ2000ን የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለውበታል። ችግሩ ከአጠገብ ማሳ የተራ በቆሎ ብናኝ በነፋስ ሲመጣበት፣ ብናኙ ያረፈበት ፍሬ ጥራቱን ያጣል። ስለዚህ ከምርቱ ዘር ከማስቀረት የተመሰከረለትን ዘር መግዛት ያስፈልጋል።

ዘሩን ያላገኘ ቤት ግን የቆየውን ልማድ አጥብቆ ይያዝ። ቦሎቄ በበቆሎ የጎደለውን ላይሲን በብዛት ይዟል፤ በቆሎ ደግሞ ቦሎቄ የሚያንሰውን ሜታዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ይሰጣል። ሁለቱ አብረው የተቀቀሉበት ንፍሮ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ፕሮቲን ነው። ለሕፃኑ ገንፎም ከሦስት እጅ በቆሎ አንድ እጅ አኩሪ አተር ጨምራችሁ አስፈጩ። አኩሪ አተሩን ግን ቀድማችሁ በደንብ ቁሉት፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት።