ከዋድላ ቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ፤ የግዕዝና የኢትዮጵያ ጥናት ክፍል እንዴት ይተከላል?



በመምህራንና በሠልጣኞች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ግዕዝ እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ክፍል ተከፍቶለት ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው ወይስ ለቤተ ክህነት ብቻ የሚተው? አንዳንዶቻችን «ጊዜው ያለፈበት ነው» እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ይከፈትና ነገ ይጀመር» እንላለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አልያዙትም። አንድ የጥናት ክፍል በማመልከቻ ብቻ አይቆምም፤ በንቀትም አይቀርም። ስለዚህ ሌሎች እንዴት እንደ ተከሉት፣ ምን ምን እንዳስፈለጋቸውና እኛ በእጃችን ምን እንዳለ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በእጃችን ካለው እንነሣ። እኛ የምንኖረው በዋድላ ነው። እንደሚታወቀው በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራው ቤቶች መካከል ሦስቱ ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ ናቸው። «የማን ቤት ነው የተማርከው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የዋድላ ቤት» ብሎ የሚመልስ ሊቅ በጎጃምም በጎንደርም በሸዋም ይገኛል። ኮን የሚለውን የከተማ ስም የማያውቅ ሰው ዋድላ የሚለውን ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅኔ ቤቱ የሚያስተምርበትን ሥርዓት ልብ ብሎ ላስተዋለ መምህር የሚያስደንቅ የማስተማር ዘዴ አለው። ተማሪው ከንባብ ቤት አልፎ ቅኔ ቤት ሲገባ ግስ ይማራል፤ ማለትም የግዕዝን ግሥ ከነእርባታው ያወርዳል። ቀጥሎ አገባብ አለ፤ ቃላት እንዴት እንደሚያያዙ የሚገልጽ ትምህርት ነው። ከዚያ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ በአምስት ቤቱ ዋዜማ፣ በስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ተማሪው ከጉባኤው ወጥቶ፣ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ወደ የኔታ ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፤ የተበላሸውን ያፈርሳሉ፤ የተሻለውን ያሳያሉ። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። የትናንቱን መድገም አይቻልም! እኛ በማስተማር ዘዴ ትምህርት «ተማሪው ሸምዳጅ ሳይሆን ፈጣሪ ይሁን» እያልን ማስታወሻ ስንጽፍ፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ልጅ ግን በየቀኑ እየፈጠረ ያድራል።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት በዘመናዊው ትምህርት ሚዛን ስንት ይመዝናል? ሃያ ዓመት የተማሩት የኔታ የትምህርት ማስረጃ አምጡ ቢባሉ የሚያቀርቡት ወረቀት የላቸውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዕውቀቱ አለ፤ ዕውቀቱን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው ድልድይ ነው የቀጠነው።

አሁን ወደ ውጭ አገር እንሻገር። የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ የተተከለው በጀርመኑ ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሉዶልፍ ብቻውን አልተከለውም። አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ እኒያም የቤተ አምሐራ፣ ማለት የዛሬው የወሎ ሰው ናቸው። ሁለቱ በሮም የተገናኙት በ1649 እ.ኤ.አ. ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱና ከሉዶልፍ ጋር ቋንቋውንና ታሪኩን መረመሩ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 ባሕር ላይ አለፉ። ሉዶልፍ ግን ከእሳቸው የቀሰመውን ይዞ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ዛሬ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል። በአምስት ጥራዝ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ታላቁ የኢትዮጵያ መዝገበ ዕውቀትም ከዚያው ነው የወጣ። ስሙ የሉዶልፍ ቢሆንም የመጀመሪያው መምህር የእኛው አባ ነበሩ። ይህን እያወቁ ማለፍ ጥሩ ነው።

መጻሕፍቱስ እንዴት ደረሱ? ይህ ደግሞ ከደጃችን ያለፈ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ብዙ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ከባድ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በደብረ ዘቢጥ አድርገው ዋድላን አቋርጠው፣ በጅጣ ሸለቆ መንገድ እያስቆረጡ መቅደላ ደረሱ። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦርም ከሰሜን መጥቶ በዚሁ በዋድላ ደጋ አልፎ የእሳቸውን መንገድ ተከተለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያዝ መጻሕፍቱ ተዘረፉ፤ የተዘረፈውም ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ዕቃውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ። ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ በ1877 እ.ኤ.አ. ዝርዝራቸውን ከነመግለጫው አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ግዕዝን በአውሮፓ ለማጥናት የፈለገ ሁሉ መነሻ አገኘ።

እስቲ ይህን እናስተውል። ዝርፊያው ዝርፊያ ነው፤ ሌላ ስም አይሰጠውም። ነገር ግን ለንደን ላይ ጥናቱን ያቆመው የመጻሕፍቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ዝርዝራቸው መሠራቱ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤት ያለው ብራና ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ማን እንዳጻፈው በመዝገብ ካልሰፈረ ለተመራማሪ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሲጠፋም ጠፋ የሚል አይገኝም።

በአገራችን ይህን ሥራ በስፋት የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአሜሪካ ካሉ ሁለት ተቋማት ጋር ተባብራ፣ ባለሙያዎች ከገዳም ገዳም እየዞሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፎቶግራፍ አነሡ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ከእነዚህ ውስጥ አሉ። ፊልሙን እያነበቡ ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የፈጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ ሰው በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ቆስለው ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሚኒሶታ ከአርባ ዓመት በላይ ሠሩ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። የግዕዙን ትምህርት ከአገር ቤት፣ የዘመናዊውን የምርመራ ስልት ከካይሮና ከጀርመን አገር ይዘው ነበር። ሁለቱን በአንድ ሰው ማገናኘት ሲቻል ምን እንደሚወለድ የእሳቸው ሥራ ያሳያል። ዛሬ ከነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋሸናንና ላሊበላን ጨምሮ ወደዚህ አካባቢ በደረሰ ጊዜ፣ ቅጂው ሌላ ቦታ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማንኛችንም መንገር አያስፈልግም።

ወደ ዩኒቨርሲቲው እንመለስ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ሕንፃ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ያደራጁት ደግሞ የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። እዚህ ላይ የአሠራሩን ቅደም ተከተል እንይ፤ በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት፣ አብሮትም መጽሔት፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፍ ጉባኤ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የፊሎሎጂ፣ ማለትም የጥንታዊ ጽሑፍ ምርመራ ትምህርት በከፍተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ነገር ግን ተቋሙ ሲመሠረት በዋናነት ለምርምር እንጂ ለማስተማር አልነበረም፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያፈልቅ ምንጭ አልሆነም። በእኛ ዐይን ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ከሌሎች እንማር። አርመኖችን እንውሰድ። ለእኛ ሩቅ ሰዎች አይደሉም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ቃሉን የደረሱት ደግሞ የጎጃሙ ቅኔ ዐዋቂ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፤ ቅኔ ቤትና የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ሲሠሩ ማለት ነው! እነዚህ አርመኖች በስደት አሜሪካ ከገቡ በኋላ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው ከነጋዴውም ከሠራተኛውም መዋጮ ሰበሰቡ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፊደላቸው ቀራጭ በመስሮፕ ማሽቶትስ ስም ቋሚ የመምህርነት መንበር ተከሉ፤ በ1969 ሮበርት ቶምሰን የመጀመሪያው መምህር ሆኑ።

በካናዳ ያሉ ወገኖቻችንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህሩ ማይክል ጀርቨርስ፣ በኢትዮጵያ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ሥዕሎች ላይ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. 50,000 ዶላር ከራሳቸው ሰጥተው ወገን እንዲያዋጣ ጠሩ። የከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አዋጣ። «ዘ ዊክንድ» በሚል ስም የሚታወቀው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ በ2016 ሌላ 50,000 ጨመረ። በጥር 2017 የመጀመሪያው የግዕዝ ኮርስ ተሰጠ። በ2020 ቋሚ ገንዘቡ 500,000 ዶላር ደረሰ።

የዚህ ገንዘብ አሠራር እንዲህ ነው፤ ዋናው አይነካም፣ የሚወልደው ብቻ ይወጣል። በዓመት ከመቶ አራት ቢያወጣ 20,000 ዶላር ነው፤ ይህ የአንድን ሙሉ ፕሮፌሰር ደመወዝ አይሞላም፤ ኮርሱ ግን በየዓመቱ በጀት እየተለመነለት ከመኖር ይድናል። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮ ደብሮች ጉልት ነበራቸው፤ መሬቱ አይሸጥም፣ ግብሩ ሊቃውንቱን ይመግብ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ያ ምንጭ ቆመ። ለገባሩ የነበረውን ትርጉም ማንም አይክድም፤ የጉባኤ ቤቶቹ መተዳደሪያ ግን ሌላ አልተተካለትም።

«ተመርቆስ የት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ለሠልጣኞች የሚቆረቁር ነው፤ ትክክልም ነው። ሥራ የሌለው ትምህርት ተማሪ አያገኝም። መልሳችን በየክፍላችሁ አለ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሁለት ‹ሰ› ለምን አስፈለገ?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? በግዕዝ ሰረቀ ማለት ሌላ፣ ሠረቀ ማለት ሌላ ነው፤ የፊተኛው ሌብነት ነው፣ ሁለተኛው የፀሐይ መውጣት። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ። ከፊተኛው ስእለት ወጣ፣ ከሁለተኛው ሥዕል። ይህን ለማስረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ሴሚስተር ግዕዝ የተማረ የአማርኛ መምህር ይበቃል። በየወረዳው ስንት የአማርኛ መምህር እንዳለ ቁጠሩና የሚያስፈልገውን የግዕዝ አሠልጣኝ ብዛት ገምቱ። መሣሪያውም አለ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ፍጻሜ አድርሰውለት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል።

ስለሆነም በእኛ አስተያየት በዚህ አካባቢ ነገሩ ከታች ቢጀመር ይሻላል። በቅድሚያ ለአማርኛ መምህራን አንድ ኮርስ፤ ግሱንና አገባቡን የቅኔ መምህሩ ያስተምሩ፣ የማስተማሪያ ዕቅዱንና ፈተናውን የተቋሙ መምህር ያዘጋጅ፣ ለሁለቱም በሰዓት ይከፈል። የኔታን ወረቀት ከመጠየቅ ይልቅ ሊቃውንት ተሰብስበው ይመስክሩላቸው፤ ጥንትም የሚመረቁት እንዲሁ ነበር። ክፍሉ፣ ዲግሪው፣ ሕንፃው በኋላ ይመጣል። በተቃራኒው ሕንፃውና ማኅተሙ ቀድሞ መምህሩ የሚፈለግበትን አሠራር አንደግፍም።

ከሠልጣኞች መካከል ቅኔ ቤት የቆያችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁም «የቆሎ ተማሪ» ላለመባል ዝም ትላላችሁ። በማን ጉባኤ፣ ስንት ዓመት፣ እስከ የትኛው የቅኔ ዓይነት እንደ ተማራችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች ስጡን። መምህራንም በዋድላና በአካባቢው ዛሬ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩትን የቅኔ መምህራን ስምና ቦታ ብትጠቁሙን ዝርዝሩን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።