የጎመን ሻጋታ አንድ ወገን አይደለም

ኮንጋ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ቡናው ነው። ይሁን እንጂ በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ እንደ ሌላው የጌዴኦ አካባቢ ሁሉ፣ በእንሰቱ አጠገብ የሚበቅለው ጎመን ከቆጮ ጋር የሚቀርብ በመሆኑ ሲታመም ጉዳቱ ወዲያው ማዕድ ላይ ይታያል።

ጎመንን ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ ዳውኒ ሚልዲው የተባለው ሻጋታ ነው። በቅጠሉ ላይ ብጫ ምልክት፣ በግልባጩ ደግሞ ነጣ ያለ ጸጉር መሰል ሻጋታ ያወጣል። ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ ከላይ የሚታየው ሌላ በሽታ ስለሆነ ሁለቱን ማደናገር አይገባም። ቅዝቃዜና እርጥበት ስለሚስማማው፣ ዛፍ በሚያጠላበትና ጠል ቶሎ በማይደርቅበት ጓሮ ይበረታል። ይልቁንም የሚጎዳው በመደብ ላይ ያለውን ችግኝ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሻጋታው በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ልዩ ልዩ ወገን ያለው መሆኑ ነው። ተመራማሪዎች ከጥቅል ጎመንና ከሰናፍጭ ዘመዶች የተወሰደውን ሻጋታ እያፈራረቁ ሲሞክሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፉኛ የሚያጠቃው የመጣበትን ተክል ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ሰብል ውስጥም ቢሆን የአንዱን ወገን ጥቃት የሚቋቋም ዝርያ በሌላው ሊሸነፍ ይችላል።

የአገራችን ጎመንዘር ደግሞ፣ ናጋሃሩ ዩ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳስረዳው፣ የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ዲቃላ ነው። የሁለት ዘመድ ልጅ በመሆኑ የትኛው ሻጋታ እንደሚይዘው በግምት አይታወቅም፤ በየቦታው መታየት አለበት።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የጎረቤት ጥቅል ጎመን ታሞ የራስ ጎመን ጤነኛ መሆኑ ዘሩ በሽታ ለመቻሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ምናልባት የሚስማማው ወገን ገና አልደረሰ ይሆናል። በአንድ ጓሮ ያማረውን አንድ ዘር ለመላው አባል ማደል፣ ያ ወገን በመጣ ጊዜ የሁሉንም መደብ አብሮ ያስመታል። በመድኃኒት መመካትም አያዋጣም፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሜታላክሲል የማይገድለው የጎመን ሻጋታ ታይቷል።

የሚሻለው ሁለት ሦስት ዓይነት ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ፣ በዝናቡ ወራት በማለዳ የቅጠሉን ግልባጭ እያዩ ማወዳደር ነው። ችግኙ ሳሳ ብሎ ይዘራ፤ ውሃም ማታ ሳይሆን ጠዋት ይጠጣ። ሻጋታው በቅሪትና በአፈር ውስጥ ከወቅት ወቅት ስለሚቆይ የታመመው ተነቅሎ ይቃጠል፤ መደቡም ጎመን ወዳልነበረበት ቦታ ይዛወር። መሬት በጠበበበት በጌዴኦ ይህ ቀላል ባይሆንም፣ አንዲት የችግኝ መደብ ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ማሻገር ለብዙው ቤት አይከብድም።