የናፍጣ ሞተር በብርድ ወቅት፦ ከዱባይ ተራ እስከ ጣርማ በር

የተሽከርካሪ ሞተር ሙቀት ሲነሳ በአብዛኛው የሚያሳስበው የሙቀቱ ከመጠን በላይ መጨመር ነው። የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ዝቅ ብሎ ሲታይ ግን ብዙ አሽከርካሪዎች ሞተሩ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አድርገው ይወስዱታል። በናፍጣ ለሚሠሩ ሞተሮች ይህ ግምት ትክክል አይደለም። ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ጉዳዩ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱና ማለዳው በሚቀዘቅዝበት የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ለሚንቀሳቀሱ የግልና የመንግሥት ተሽከርካሪዎች የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው።

የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ሙቀት ያባክናል። ከሚያቃጥለው ነዳጅ የበለጠውን ድርሻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ የሚተላለፈው ሙቀት አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሚስበው የአየር መጠን ነው። የቤንዚን ሞተር ለ1 ኪሎ ግራም ነዳጅ 15 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይጠቀማል፤ ጭነት ሲቀንስም የሚያስገባው አየር አብሮ ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር በአንጻሩ አየሩን ሳይቀንስ የሚረጨውን ነዳጅ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ያለ ጭነት በሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ነዳጅ በብዙ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ይቃጠላል። ቆሞ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የናፍጣ ሞተር ቶሎ የማይሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአብነት ያህል በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ በሚገኘው ዱባይ ተራ ሸቀጥ ጭኖ በማለዳ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዝን የናፍጣ መኪና መውሰድ ይቻላል። ተሽከርካሪው ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን የታመቀ አየር በሚፈጥረው ከፍተኛ ሙቀት ነው። በአገሪቱ በስፋት በሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላይ አየሩ ከመጀመሪያ ይዘቱ ወደ 22 ጊዜ ያህል እንዲያንስ ተደርጎ ይታመቃል። አየሩ የሳሳና የቀዘቀዘ ሲሆን፣ የሞተሩም አካል ገና ሳይሞቅ ሲቀር፣ ከመታመቅ የሚገኘው ሙቀት ይቀንሳል። በማለዳ የሚታየው ነጭ ጭስና የሚሰማው ጠንከር ያለ የሞተር ድምፅ ነዳጁ በወቅቱና በሙሉ አለመቃጠሉን ያመለክታሉ። ካንዴሌታ የተገጠመላቸው ሞተሮች ምልክቱ ከጠፋ በኋላ እንዲነሱ የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

መኪናው በገበያው መጨናነቅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቢቆይም ሞተሩ እምብዛም አይሞቅም። የሥራ ሙቀቱን የሚያገኘው ጭነት ሲሸከም በመሆኑ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን ዳገት ሲጀምር ጠቋሚው ከፍ ይላል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ደብረ ብርሃን በእነዚህ ወራት ውርጭ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ናት። መንገዱ ከዚያ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር በኩል በደብረ ሲና አድርጎ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በዚህ ረጅም ቁልቁለት አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ለቆ በማርሽ ሲይዝ ወደ ሞተሩ ነዳጅ መረጨቱ ይቋረጣል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ያስወጣል። በመሆኑም በቁልቁለት ላይ ጠቋሚው በመጠኑ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ብልሽት የሚጠቁመው በሜዳማ መንገድ ላይም ጭነት እየሳበ ዝቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ ነው።

ሞተሩ በዳገትም ሆነ በቁልቁለት ተቀራራቢ ሙቀት እንዲኖረው የሚያደርገው ቴርሞስታት የተባለው አነስተኛ መሣሪያ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ ይቆያል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ሆኖም በአንዳንድ ጋራዦች ሞተር በተደጋጋሚ ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይወሰዳል።

ለዚህ ልማድ መነሻ ከሚሆኑት አንዱ የአገሪቱ ከፍታ ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ በአዲስ አበባም ቢሆን የመፍላቱ ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ በትክክለኛ ሙቀቱ ላይ የሚገኘው ሞተር ጭምር በዳገት ላይ ይፈላል። ስሕተቱ የክዳኑ ሆኖ ሳለ ተጠያቂ የሚደረገው ቴርሞስታቱ ነው።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ውኃውን በራዲያተር ስለሚያዞር በብርድ ወቅት የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ያልተቃጠለ ናፍጣ በሲሊንደር ግድግዳ ላይ የሚገኘውን ዘይት እያጠበ በፒስተን ቀለበቶች በኩል ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርዳል። ከቃጠሎ የሚመነጨው የውኃ ተንም በቀዝቃዛው ሞተር ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ብረት የሚበላ አሲድ ይፈጥራል። ዘይቱ ሳይሞቅ ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል።

ቴርሞስታቱን ማውጣት ሁልጊዜ የመፍላት ችግርን እንኳ አያስወግድም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። መሣሪያው ከወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከሞቀው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሞተር በማለዳ ብርድ ከመጠን በታች ቀዝቅዞ፣ በቀትር ዳገት ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ሊሞቅና ቴስታታውን ሊጎዳ ይችላል።

ቴርሞስታት መኖሩንና መሥራቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ቀዝቃዛው ሞተር ከተነሳ በኋላ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይሞቃል። በቴርሞስታቱ መውጫ ላይ በተገጠመ ቱቦ ሙቀቱ ከመነሻው ቀስ በቀስ እየጨመረ ከሄደ መሣሪያው ወጥቷል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ቴርሞስታቱን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተን የተለመደ ቢሆንም፣ በደጋማ አካባቢ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። በ88 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። በአዲስ አበባ በክፍት ድስት የሚፈላ ውኃ ከ92 ዲግሪ ስለማያልፍ፣ ደህናው መሣሪያ በከፊል ብቻ ተከፍቶ የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ፈተናው በሙቀት መለኪያ ታግዞ፣ በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ ሊካሄድ ይገባል።

በአነዳድ ረገድ ሞተሩን አስነስቶ ለረጅም ጊዜ አቁሞ ከማሞቅ ይልቅ፣ የዘይት ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ በዝግታ መንዳት የተሻለ ያሞቀዋል። ጠቋሚው መደበኛ ቦታው ላይ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩን በኃይል ማስጮህ አይመከርም። ረጅም ቁልቁለት እንዳበቃም ወዲያውኑ ሙሉ ኃይል ከመጠየቅ ይልቅ ነዳጁን በዝግታ መጨመር ሞተሩን ከጉዳት ይጠብቃል። በራዲያተር ውስጥ ከንጹሕ ውኃ ብቻ ይልቅ በአምራቹ የተፈቀደውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠቀም ዝገትን ከመከላከሉም በላይ በውርጭ ሌሊት ውኃው እንዳይረጋ ያደርጋል።

የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊነት ያለባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከጋራዥ የሚመለስ መኪና ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን በርክክብ ወቅት ማረጋገጥ፣ መሣሪያው ለጊዜው ከወጣም ምክንያቱና የሚተካበት ቀን በሥራ ማዘዣው ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይኖርባቸዋል። ሞተር ይፈላል የሚል ሪፖርት ሲቀርብ አስቀድሞ የራዲያተሩን ክዳን መፈተሽ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ እርምጃ ነው። አገሪቱ ነዳጅና መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የምታስገባ እንደመሆኗ፣ በአንድ ቴርሞስታትና በአንድ ክዳን ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ለሞተር እድሳት የሚወጣውን ከፍተኛ የሕዝብ ገንዘብ ለማዳን ያስችላል።