በሚስት ስም የተሸፈነ ገበና

በደቡብ ሱዳን ከብት አርቢዎች ዘንድ ጋብቻ የሚጸናው በከብት ነው፤ ከብቱም የሚነዳው ለሚስቲቱ ብቻ ሳይሆን ለምትወልዳቸው ልጆች ጭምር ነው። ልጅ ሳይወለድ ሲቀር ታዲያ ዓይን ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ወላጆች በረት ይዞራል። ችግሩ ከባልየው ቢሆንስ? እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1951 ከእነዚሁ ከብት አርቢዎች አንዱ ስለሆነው ስለ ኑዌር ሕዝብ ጋብቻ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በኑዌር ደንብ የልጅ አባት ከብቱን የከፈለው እንጂ ያስረገዘው አይደለም። ሳይወልድ ለሞተ ሰው እንኳ ዘመዱ በስሙ ሚስት አግብቶ ይወልድለታል። ረቂቅ ብልሃት ነው፤ የወንዱ ስም ይተርፋል፣ መካንነቱን በአፉ የሚያወጣ ሰው አያስፈልግም። ዕዳው የሚከፈለው ግን በሴቲቱ ገላ ነው፤ ፈቅዳ ይሁን ሳትፈቅድ የሚጠይቃት የለም።

በኢትዮጵያ ብዙዎቻችን ከብት አንቆጥርም፤ ብልሃቱ ግን አለን፣ ገበና እንለዋለን። የባሏን ገበና የሸፈነች ሚስት ጨዋ ትባላለች። ችግሩ መሸፈኛው የገዛ ስሟ መሆኑ ላይ ነው፤ እሷ ዝም ባለች ቁጥር ጎረቤት የራሱን ፍርድ ይሰጣል። መካን የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ሐሜት ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ሴት ነው። ጠበል የምትጠመቀው እሷ፣ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምትሳለው እሷ፣ በክርስትና ግብዣ መሀል «አንቺስ መቼ ነው?» የምትባለው እሷ ናት። የሚገርመው፣ ልደታን በየግንቦቱ የሚያከብር ሕዝብ ልጅ በማጣቱ የተነቀፈው የማርያም አባት ኢያቄም ጭምር እንደነበር አለማስታወሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ከመካንነት ችግር ጋር ይገናኛል። ለብቻው ይሁን ከሴቷ ጋር ተደርቦ፣ ከጉዳዩ ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። ምርመራው ሲጀመር ግን ቀድማ አልጋ ላይ የምትተኛው ሴቷ ናት፤ በማኅፀኗ ቀለም እየተገፋ፣ ሆዷን እየቆረጣት ራጅ ትነሳለች። ለወንዱ የሚያስፈልገው አፈ ሰፊ ትንሽ ዕቃ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፤ የዘር ፈሳሹ ናሙና ሳይቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርስና የዘር ሕዋሱ በአጉሊ መነፅር ይቆጠራል። አለመርፌ፣ አለሕመም። የድርጅቱ የእ.ኤ.አ. 2021 መመሪያ ዝቅተኛውን የዘር ሕዋስ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ያደርገዋል። የማነሱ ሰበብም እርግማን ሳይሆን ካደጉ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በወጉ ያልታከመ ጨብጥ ወይም በቆለጥ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህም የሚታከም አለ። ቀላሉ ምርመራ መጨረሻ የሚታዘዘው በሕክምና ምክንያት አይደለም፤ ውጤቱ ስለሚፈራ ነው።

«እውነቱ ከወጣ ባልየው ይዋረዳል፣ ትዳሩም ይፈርሳል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ወንድነትን በልጅ በሚለካ መንደር ውስጥ ያ ሰው በእውነትም ይጎዳል። ግን ዝምታውም ትዳር ያፈርሳል። ባል በዘመድ ግፊት ሌላ ሴት ያስቀምጣል፤ ከሁለተኛዪቱም ሳይወልድ ሲቀር ተወቃሾቹ ሁለት ሴቶች ይሆናሉ። ደግሞስ አደባባይ ይውጣ ያለ ማን ነው? ለእናቱ ብቻ፣ ቡና ላይ፣ «ችግሩ ከእኔ ነው፣ እሷን ተዋት» ማለት ይበቃል። ይህን ለመናገር ከእሱ የተሻለ ሰው የለም፤ ሚስቲቱ ብትለው ስድብ ይሆናል፣ ሐኪሙ ቢለው ምስጢር ማውጣት ነው።

ሐኪሞች ሆይ፣ ለሴቷ የቀለም ራጅ ማዘዣ ከመጻፋችሁ በፊት የባልየውን ውጤት ጠይቁ።